የመምህር ታፈሰ ዓሣ

የልጅ ልጄ ህሊና ጮክ ብላ ካልሆነ ማጥናት አይሆንላትም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትቀመጥ ነው፣ ቤታችን ደግሞ ጠባብ ስለሆነ እሷ የምታነበውን እኔም ወደድኩም ጠላሁም እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ድንች እየላጥኩ ተቀምጬ፣ እሷ ስለ ሴል፣ ስለ ደም፣ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ ስትለፈልፍ ቆየችና "በጣም ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች ደማቸው ወደ በረዶነት እንዳይለወጥ የሚከላከል ፕሮቲን ይሠራሉ" አለች። ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ።

"እስቲ ድገሚው" አልኳት።

ደገመችው።

"ይሄ መጽሐፍ የማን ነው?"

"የትምህርት ቤት ነዋ፣ እማዬ። ምነው?"

"በማኅተም የወጣ ነው? ሰው ዝም ብሎ የጻፈው አይደለም?"

ልጅቱ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ድንቹን ገፋ አድርጌ ሦስተኛ አስነበብኳት። ይሄን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት እሷ ቀርታ እናቷም ሳትወለድ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እውነት ይሁን ውሸት ሳላውቅ ኖሬአለሁ። በዚህ ዓሣ ምክንያት አንድ ጨዋ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሟል። እኔም እስከ ዛሬ በሠፈሩ ውስጥ አስካለ ዓሣ እየተባልኩ እጠራለሁ።

ያኔ አሰላ እንዲህ አልሰፋችም ነበር። ከመናኸሪያው ሽቅብ ሲወጡ በግራ በኩል፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ልብስ ሰፊዎች በተርታ ይቀመጡ ነበር፤ ዛሬ እዚያ ላይ ሞባይል የሚሸጥበት ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። እኔና ጓደኛዬ ሩቂያ ከአንደኛው ሰፊ ዘንድ ተቀጥረን የቁልፍ ቀዳዳ እንሠራ ነበር። ሰውየው ይቆርጣል፣ በመኪና ይሰፋል፤ ቀዳዳውን መክፈት፣ ዙሪያውን በክር መቋጨትና ቁልፉን መትከል የኛ ነው። ዘመኑ የካኪ ነበር። ሹሙም ካኪ፣ ጸሐፊውም ካኪ፣ ሙሽራ ሳይቀር በካኪ ሲዳር አይቻለሁ። ወጣቶቹ ግን ያችን እግሯ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሱሪ አልተዉም፤ በጓሮ በር ይመጡና "እስቲ ከታች ትንሽ አስፉልን" ይሉናል። ልጃገረዶቹ ናይለን ሻርፕ ያስራሉ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ ነው፣ ዝናብ ሲሆን ውስጡ ውኃ ይንቦጫረቃል። ከኛ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበረ፤ ሳንቡሳው በዐሥር ሳንቲም፣ በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል። ባለቤቱ ሬዲዮውን በር ላይ ያስቀምጠዋል። ማርሽ ሲመጣ ድምፁን ከፍ፣ የፍቅር ዘፈን ሲመጣ ዝቅ ያደርገዋል። እኛ ደግሞ ዝቅ ሲል መርፌያችንን አቁመን ጆሯችንን እንሰጣለን። ዛሬ በየሱቁ በር ዘፈን ይጮሃል፣ አንድ ሰው ግን ቆሞ ሲሰማ አላይም።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ስንወጣ ወደ ማታ ትምህርት እንሄዳለን። እኔ በልጅነቴ በቆጂ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ያቋረጥኩ ነኝ፤ ሩቂያ ቁርአን ቀርታለች፣ የአማርኛ ፊደል ግን ገና መያዟ ነበር። አስተማሪያችን መምህር ታፈሰ ይባላሉ፣ የሁሩታ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ አንዲት ግራጫ ኮት ብቻ ያላቸው፤ ኮታቸው ላይ ያለውን የቁልፍ ቀዳዳ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አድሼዋለሁ። "ጥያቄ ያለው?" ብለው ሲጠይቁ ከልባቸው ነው፤ ሌላው አስተማሪ ቢሆን ጠይቆ መጽሐፉን ይዘጋል፣ እሳቸው ግን ጠመኔውን ይዘው ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ኅዳር ላይ ብርዱ ጠንቷል፣ የክፍሉም መስኮት ግማሹ ካርቶን ነው። ሩቂያ ጣቷን በትንፋሿ እያሞቀች "መምህር፣ ይቺ አስካለ የበቆጂ ልጅ ናት። እዚያ ውኃ ባልዲ ውስጥ በረዶ ሆኖ ያድራል ትላለች። ሰዉ እንዴት ነው የሚኖረው?" አለቻቸው።

"የበቆጂስ ሰው ቡሉኮ አለው" አሉ መምህር። "በምድር ጫፍና ጫፍ ባሉት ባሕሮች ውስጥ የሚኖረው ዓሣ ነው የሚገርመው።"

ከዚያ ነገሩን። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ተራ ውኃ በረዶ በሚሆንበት ብርድ አይረጋም፤ ከዚያ በታች ቀዝቅዞም ውኃ ሆኖ ይቆያል። የዓሣው ደም ግን የባሕሩን ያህል ጨው የለውም። ስለዚህ ባሕሩ ሳይረጋ ዓሣው ደሙ ረግቶ መድረቅ ነበረበት። ይኼ ዓሣ ግን ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይወልዳል። ለምን ቢባል፣ ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው አንድ ፕሮቲን ደሙ ውስጥ አለ፤ እንደ እንቁላል ነጩ ዓይነት ነገር። "የበረዶ ቅንጣት ወደ ዓሣው ሰውነት ከመግባት አትቀርም" አሉ። "ስትገባ ከአሸዋ ታንሳለች። ይሄ ፕሮቲን ግን ዙሪያዋን ይለጠፍባታል። ከተለጠፈባት በኋላ ሌላው ውኃ አይያያዛትም፣ አታድግም። በረዶ የሚገድለው ሲያድግ ነው።" ሰሌዳው ላይ አንዲት ነጥብ አድርገው ዙሪያዋን በትናንሽ ጭረት ከበቧት። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከአንድ መጽሔት እንዳነበቡት ነገሩን።

ያችን ነጥብ ዛሬም አያታለሁ።

ሩቂያ አንደበቷ አያርፍም፤ ክፋት ግን የላትም። በማግስቱ የስኳር ወረፋ ላይ ሰዉን ልታስቅ ብላ "መምህራችን ሹራብ የሚለብስ ዓሣ አለ አሉን፣ አቦ" አለች። ከወረፋው መሐል አንዷ "የት አገር?" አለች፤ ሌላዋ "ብርድማ ሩሲያ ነው" ብላ መለሰች። ከሰዓት በኋላ ወሬው ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ የሩሲያ ዓሣ በብርድ እያለቀ ነው ተብሏል። በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ሲገባ ደግሞ፣ መምህር ታፈሰ የወዳጅ አገር ሕዝብ ብርድ ላይ ነው ያለው እያሉ በማታ ትምህርት ይሳለቃሉ ሆነ። ማንም እንዲህ አላለም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ትንሽ ጨመረ እንጂ። ሩቂያ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ ሹራብ ነው ያልኩት፣ ወላሂ። ሩሲያን አፌ ላይ አላነሳሁም" አለችኝ። ሄዳ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ተናገረች። "ስለ ሩሲያው ይሁን፣ እንተወው" አሏት። "ግን ከበረዶ በላይ የቀዘቀዘ ውኃ፣ እሱ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ፣ ይሄ ተረት ነው። ለሠርቶ አደሩ ተረት አስተምሯል። እሑድ ግለ ሂስ ያድርግ።"

ግለ ሂስ ለማያውቅ ልጅ ላስረዳ። ጥፋት አለብህ የተባልክ እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ ትነሳለህ፣ ጥፋቴ ይሄ ነው ብለህ በራስህ አፍ ትናገራለህ፣ ከመድረኩ "ተቀመጥ" እስክትባል ቆመህ ትጠብቃለህ። ያጠፋ ቢያደርገው ቅር አይለኝም። ሳይጣራ ሲሆን ግን ደሜ ይፈላል። ዓሣው መኖሩን እኔም አላውቅም ነበር። ሊቀ መንበሩም አያውቁም። የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን ሰው ዋሽቻለሁ በል ሲለው፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ። መምህር ለልጆቻቸው እንጀራ ሲሉ እሺ እንደሚሉ ደግሞ ገባኝ፤ እሺ ካሉ በኋላ የሚያስተምሩንን ማን ያምናል? እኔ በሃያ ምናምን ዓመቴ እንደገና የጀመርኩትን ትምህርት ማን ይጨርስልኛል?

ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በቆጂ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ዓሣውን ማምጣት አልችልም፤ ውኃውን ግን እችላለሁ ብዬ ነው። ሁለት የወተት ጣሳ ውኃ ሞላሁ፣ በአንደኛው ውስጥ ጨው ጨመርኩና ጓሮ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እናቴ ጨዉን ስታይ ነደደች፤ ያኔ ጨው እንደ ልብ አይገኝም።

"ውኃ ውጭ ታሳድሪያለሽ፣ ደግሞ ታጣፍጪዋለሽ። ለጅብ ነው?"

"ለሊቀ መንበር ነው" አልኳት።

"እሱስ ይጠጣዋል" ብላ ገባች።

ጠዋት ሳሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል። ተራው ውኃ እስከ መሐሉ ድረስ ድንጋይ ሆኗል፣ ጨዋማው እንደነበረ ውኃ ነው። ጣቴን ብነክረው አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። በረዶ የሆነውን ጣሳ በገብስ ገለባ ሸፈንኩ፣ በአጎዛ ጠቀለልኩ፣ ጨዋማውንም ከድኜ ያዝኩና ገብስ የጫነች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ጋቢና ለምኜ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ጭኔ ላይ የያዝኩትን እያየ "ጠላ ነው እንዴ፣ እህቴ?" አለ።

"በረዶ ነው።"

"ወደ አሰላ? ምነው እዚያስ ብርድ አለቀ?"

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ በየጉድጓዱ ስንዘል ጣሳው ውስጥ በረዶው ኳ ኳ ይላል፣ ድምፁም እየቀጠነ ይሄዳል። ሳጉሬ ላይ ሹፌሩ ሻይ ልጠጣ ሲል "በረዶ ይዣለሁ ብዬሃለሁ" አልኩት። ሻዩን ትቶ ነዳ። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ እግዜር ይስጠው።

አዳራሹ ስደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። መምህር ታፈሰ ከፊት ወንበር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በመሐል አልፌ ሁለቱን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

"ጓዲት አስካለ፣ አጀንዳው ላይ ጣሳ የለም" አሉ ሊቀ መንበሩ። ሕዝቡ ሳቀ።

"ስለ አጀንዳው ነው የመጣው። ጣትዎን ይንከሩ።"

ደምሴ ይባላሉ፤ ያኔ ጎልማሳ፣ ክፉ የሚባሉ ሰው አልነበሩም፣ ሰው ፊት መረታትን ግን አይወዱም። በአንደኛው ጣሳ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል በረዶ ቀርታለች፤ አዩዋት። ሁለተኛውን ነክረው ቀመሱ። "ይሄ ጨው ነው" አሉ።

"አዎ ጨው ነው። ሁለቱም አንድ ጓሮ፣ አንድ ብርድ ላይ አደሩ። አንደኛው ረጋ፣ ይሄ አልረጋም። ባሕር ጨው ነው ብለውናል መምህር።"

"መልካም። ዓሣውስ የታለ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም አፌ ቀድሞኝ "ዓሣውን አላየሁም። እርስዎስ አለመኖሩን አይተዋል?" አልኳቸው።

ሊቀ መንበሩ ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ጓዲት አስካለ፣ ይሄን እንድትናገሪ ማን ነው የላከሽ?"

በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። መልሷ ምንም ይሁን ምን ደህና ቦታ አታደርስም። ሩቂያ ከኋላ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ስታየኝ ትዝ ይለኛል። ያኔ መምህር ታፈሰ ተነሱ።

"ማንም አልላካትም" አሉ። "ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ የለም። ያልተጣራ ነገር አስተምሬያለሁ።"

ይሄንኑ ነው ያሉት፣ አንድም አልጨመሩም። ወደ እኔም አላዩም። ሊቀ መንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁና "ግለ ሂሱን ተቀብለናል። ቀጣዩ አጀንዳ ስኳር" አሉ። "ተቀመጥ" ግን አላሉም። ረስተው ይሁን አውቀው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለ ስኳር ተወራ፣ ስለ ቦይ ጠረጋ ተወራ፣ የቦዩ ጉዳይ ደግሞ ጭቅጭቅ አለበት። መምህር ቆመው ነበር። እኔ ቀዳዳውን ያደስኩላቸውን የኮታቸውን ቁልፍ በሁለት ጣታቸው ያሽከረክራሉ። ጣሳው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ያቺ የባቄላ ፍሬ የምታህለው በረዶ እሳቸው እንደቆሙ ሟሟች። ስብሰባው ሲበተን ነው ያረፉት። በሩ ላይ ስንገናኝ ላለቅስ ስል "ጨዋማውን እንዳትደፊው፣ ለወጥ ይሆናል" ብለውኝ አለፉ።

እስከ ክረምቱ አስተማሩን። ማባዛት፣ ማካፈል፣ ደብዳቤ መጻፍ። ይሄን የምጽፈው በሳቸው ፊደል ነው። ስለ ዓሣ ግን ዳግም አልተነፈሱም። "ጥያቄ ያለው?" ማለትም ተዉ፤ እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። ከዚያ ወደ አርቦዬ ተዛወሩ። ቅጣት ይሁን ተራ ዝውውር አላውቅም፣ የማላውቀውን ደግሞ አልጽፍም። ሁሩታ ላይ ሲያርፉ እኔና ሩቂያ ለቅሶ ደርሰናል። ለልጆቻቸው አባታችሁ ስለ እኔ ሲሉ ነው የካዱት ልላቸው ፈልጌ ነበር። ዓሣው እውነት ካልሆነ ግን ምኑን ካዱት እላለሁ? ዋጥ አድርጌው ተመለስኩ።

ስሜ ግን አስካለ ዓሣ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና ሽማግሌ ሲልክ "የዓሣዋን ልጅ" ብለው ነው አባቴን የጠየቁት። በጾም የዝዋይ ዓሣ ሻጮች መናኸሪያው ጋ ሲወርዱ ጎረቤት ሁሉ "አስካለ፣ ዘመዶችሽ መጡ" ይለኛል። አንድ ጊዜ ሻጩን በረዶ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ታውቅ እንደሆን ብዬ ጠየቅኩት። "እማማ፣ የኛ ሐይቅ እኮ ሞቃት ነው" ብሎ ከነዘንቢሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ህሊና ያነበበችው ይሄን ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ደግሞ ፈላለገች። ሰው አሁን የዚያን ፕሮቲን ዓይነት አይስክሬም ውስጥ ይጨምረዋል አለችኝ፣ በረዶው እንዳይሻክር። አንዳንዶቹ ዓሦች ደግሞ የገባችውን ቅንጣት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውነታቸው ውስጥ ይዘዋት ይኖራሉ፤ አታድግም፣ አትወጣምም። ይሄን መምህር አልነገሩንም ነበር። ሳይደርሱበት ይሆናል።

"ተነሺ" አልኳት። "መጽሐፉን ያዢ።"

አቶ ደምሴ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡበት አይጠፋኝም፤ አንድ እድር ውስጥ ነን። ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ያለችው አግዳሚ የሳቸው ናት። በዱላ ነው የሚሄዱት፣ ጆሯቸውም ከብዷል። ጤና ይስጥልኝ ተባባልን፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኳቸው፣ ከዚያ ህሊናን አስነበብኳት። ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ሁለተኛውን ጆሯቸው ሥር።

"ልክ የነበረው መምህሩ ነው?" አሉ።

"መምህሩ ናቸው።"

"ታዲያ አሁን እኔ ምን ላድርግ፣ አስካለ? ሰውየው ሞቷል።"

"ያኔ በሕዝብ ፊት ነው ያስካዷቸው። በሕዝብ ፊት ይበሉት።"

"ሕዝቡ የት አለ?"

ዞር ብዬ አየሁ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ አንገቱን አስግጓል። ህሊና አለች። "ይኸው" አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ አንድ ጊዜ ሞክረው አቃታቸው፣ በሁለተኛው ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "እንዲህ ያለ ዓሣ አለ" አሉ። "መምህር ታፈሰ ያስተማሩት ልክ ነበር። ሳላጣራ የፈረድኩት እኔ ነኝ።"

ደንበኛው ቀስ ብሎ ፀጉር ቆራጩን "ስለ ምንድን ነው?" ሲለው ሰማሁ።

አቶ ደምሴ አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመው አዩኝ። ሥርዓቱን አልረሱም፤ እስኪባሉ እየጠበቁ ነው። መምህር ስኳሩም ቦዩም እስኪያልቅ ቆመዋል። ያንኑ ያህል ላቆማቸው ልቤ ከጅሎ ነበር፤ እንዳልዋሽ። ክብደታቸውን ከታመመው ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ይቀመጡ" አልኳቸው።